ጫማዬን አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ትቼ

ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ባልኩበት ነው የሰማሁት።

አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ነን። ፍልሰታ ነው፤ ዝናቡ ያካፋል። አዲስ አበባ ያሳረፈችን ሴት፣ እትዬ አልማዝ፣ ከኋላዬ ጥላዋን ይዛ ቆማ በስልክ ታወራለች። ከመጣን ጀምሮ ኦሮምኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። አሁን ግን በኦሮምኛ ጀመረች፤ ድምጿንም ዝቅ አላደረገችም። «ሃቲ ኢሼ ነ ወጅን ጅርቲ፤ ሆማ ሂን ቤክቱ» አለች። እናትየዋ ከእኔ ጋር ናት፣ ምንም አታውቅም ማለቷ ነው። ቀጠለች። መኪናው ሳይመሽ ይምጣ፣ ልጅቷን ከሌሎቹ ጋር አውጧት፣ በረሃውን ሲያልፉ ባሕሩ ጋ የሚቀበላቸው ሰው አለ፣ እኔ እናትየዋን እስኪመሽ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን አዞራታለሁ አለች።

ለእኔ የተነገረኝ ልጄ ዓረብ አገር የምትሄደው በአውሮፕላን መሆኑ ነው። ለልጄም የተነገራት በአውሮፕላን ነው።

እጄ ጫማዬ ላይ እንዳለ ደረቀ። ቀና ብል ፊቴን ታየዋለች። ስለዚህ እንዳጎነበስኩ የጫማዬን ማሰሪያ የምፈታ መሰልኩ። ጫማዬ ግን ማሰሪያ የለውም።

እንግዲህ ከመነሻው ልናገር። አስካለ እባላለሁ፤ መቱ ገበያ ማርና ኮረሪማ እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ከተጣመመ በዚያ ይታለፍልኝ። የምጽፈው አዲስ አበባን ለማያዩት፣ በመቱ ዙሪያ ላሉት ለኡካ፣ ለኖፓ፣ ለያዮ እናቶች ነው። ሥላሴ ምን ይመስላል፣ አንዋር መስጊድ ምን ያህላል እያላችሁ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። እነግራችኋለሁ። ሌላውንም አብሬ እነግራችኋለሁ።

ሰኞ

ልጄ ምሕረት አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ቆይታ ነበር። ማር የምትገዛኝ አንዲት የበደሌ ሴት፣ «አዲስ አበባ ልጆችን ወደ ዓረብ አገር በደህና የምትልክ ደግ ሰው አለች» ብላ የእትዬ አልማዝን ስልክ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲያ ምሕረት ሌላ ወሬ የላትም። እምቢ ብል አኮረፈች፤ ምግብ ተወች። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ እኔው እሸኝሻለሁ» አልኳት። እትዬ አልማዝ ይህን ስትሰማ ስልኩ ላይ «ራስዎ?» አለች። ከዚያ ሳቀችና፣ «ይምጡ እንጂ! ፍልሰታም አይደል፣ አድባራቱን ሁሉ አሳልምዎታለሁ» አለችኝ።

ሲነጋጋ ከመቱ ተነሳን። ለሴትዮዋ ስጦታ አንድ ጀሪካን ማር ይዣለሁ። ረዳቱ ከላይ እንጫነው ቢለኝ እምቢ ብዬ እግሬ ሥር አደረግሁት። ያዮ ሳንደርስ አውቶቡሱ አንድ ጉድጓድ ገባና ክዳኑ ተስፈንጥሮ ሄደ። ማሩ በወለሉ ላይ ወደ ኋላ መንገድ ጀመረ። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ እግሩን ብድግ አድርጎ፣

«እትዬ፣ እስከ ጅማ ንብ ሊከተለን ነው እኮ!» አለ።

«ይከተለን» አለ ረዳቱ፣ «ቢያንስ ንብ ቲኬት አይጠይቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምሕረት ብቻ አልሳቀችም፤ አፈረችብኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ነጠላዬን ቀድጄ ክዳን አበጀሁ።

የያዮ ጫካ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ያን ጫካ ከልጅነቴ ጀምሮ ማር ለመግዛት ስገባበት ኖሬያለሁ። ጫካ የሚያስገቡኝ የማር ሰዎች ያስተማሩኝ ነገር አለ። ትልቅ ዛፍ ባለፍሽ ቁጥር ዞር ብለሽ ከኋላ እዪው ይላሉ። ስትመለሺ የምታገኚው ዛፉን ሳይሆን ጀርባውን ነው፤ ጀርባውን ካላወቅሽው ትጠፊያለሽ። ይህንን የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ገባ በሚባለው ወንዝ ድልድይ ሥር ውሃው ቡናማ ሆኖ ሞልቷል። በደሌ ሻይ ጠጣን፤ ዴዴሳን ተሻገርን፤ አጋሮን አልፈን ጅማ ገባን። አልጋ ቤቱ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፤ የበሩም ቁልፍ አይይዝም። ባለቤቷ ግን ደግ ሰው ናት። የማር እጄን አይታ ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ። «የማሯ እናት» ብላ ስም አወጣችልኝ። አልጋውን ገፍቼ በሩ ላይ አስጠግቼ ተኛሁ። ምሕረት፣ «እማ፣ ምን ያስፈራሻል? እኔ እኮ ከዚህ በላይ ሩቅ ልሄድ ነው» አለችኝ። የሚያስፈራኝ እሱ ራሱ መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ማክሰኞ

ግቤ ሸለቆ ስንወርድ ጎማ ፈነዳ። ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ሙቀቱ የእኛ አገር ሙቀት አይደለም፤ ጉሮሮ የሚያደርቅ ነው። እኔ ስለምጾም ምንም አልቀመስኩም። አንዲት ተሳፋሪ ልጇን አዝላ ጥላዋን ግማሹን ለእኔ አደረገችልኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። ከወሊሶ ወዲያ ቅዝቃዜው መጣ፤ እንሰቱ በየደጁ ቆሟል። እኛ ጋ ቤት የሚታየው በዛፍ መሃል ነው። እዚያ ግን ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ሰው ከሩቅ ይታያል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ ገላጣነት ከፋኝ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ እትዬ አልማዝ ነጭ ነጠላ ለብሳ ቆማ ጠበቀችን። ትከሻዬን ሳመችኝ። ስልክ ላይ እርስዎ ስትለኝ የከረመችው ወዲያው አንቺ ብላ ዘመድ አደረገችኝ። «እህቴ፣ ደከመሽ አይደል? ውይ ማሩ! ኧረ ለምን ተቸገርሽ?»

ቤቷ ኮልፌ ነው፣ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አጠና ተራ ማለት የባሕር ዛፍ እንጨት እንደ ግድግዳ ተደርድሮ የሚሸጥበት ነው። ከቤቷ አጠገብ አንድ ትንሽ መስጊድ አለ። አንዱ ሚናራ አልቋል፤ ሁለተኛው ገና በእንጨት መወጣጫ ታስሮ ቆሟል። ከመስጊዱ ቀጥሎ በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ አለ፣ ጋሼ ከድር ይባላል። ስናልፍ፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ከየት ነው?» አለኝ። «ከመቱ» አልኩት። ዓይኑን ወደ ምሕረት፣ ከዚያ ወደ እትዬ አልማዝ የግቢ በር ላከና ዝም አለ። አናጺ ዝም ሲል ሥራ የያዘው መሰለኝ።

ግቢው ውስጥ ከኋላ አንድ ክፍል አለ። ሦስት ልጆች ልብስ ያጥባሉ፤ የምሕረት እኩዮች ናቸው። የክፍላቸው በር መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል ነው። ይህን አይቼዋለሁ። የከተማ ሌባ ብዙ ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ መለስኩለት።

እትዬ አልማዝ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት አቀረበችልን። በእጇ አጎረሰችን። ፍራሹ ወፍራም ነው፤ ብርድ ልብሱ አዲስ ነው። የምሕረትን ስልክ፣ «አምጪ እኔ ቻርጅ ላድርግልሽ፣ እዚህ መብራት ይቆራረጣል» ብላ ወሰደችው። ቤቴ ድረስ የመጣ እንግዳ እንኳ እኔ እንዲህ አስተናግጄ አላውቅም። አፈርኩ። ደግነቷ ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ከበደኝ፤ ግን በምን ቃል አማርራለሁ?

ረቡዕ

ዛሬ አዲስ አበባን አየን። የምትጠይቁኝ ይህንን ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልጻፈው።

እትዬ አልማዝ ታክሲ ተከራይታ እኔን ከኋላ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ። መንገዱን ሁሉ ታሳየኛለች፤ መኩራራትም ትወዳለች። «ይህ አጠና ተራ ነው፤ ይህ ትናንት የወረድሽበት አውቶቡስ ተራ ነው፤ ያ ራጉኤል ነው፤ ይኸው ደግሞ አንዋር መስጊድ፤ ይህ ጎጃም በረንዳ ነው፤ አሁን ፒያሳ ደረስን፣ ጊዮርጊስ ያውልሽ!» ስሙን በጠራችልኝ ቁጥር እኔ አንገቴን ዞር አድርጌ በኋላ መስታወቱ አየዋለሁ። የያዮ ልማዴ ነው። ባለታክሲው ታዘበኝ መሰለኝ፣ «እማማ፣ የረሱት ዕቃ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ የለም ልጄ፤ ጀርባቸውን እያየሁ ነው።»

ምሕረት ጎኔን በክርኗ ነካችኝ። «እማ!»

አንዋርና ራጉኤል ጎረቤት ናቸው። እኔ እዚህ ከተማ ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። የመስጊዱ ሚናራና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በአንድ ሰማይ ላይ ይታያሉ። በሥራቸው ሱቁ፣ ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ጭቃው ተደበላልቆ ይጮሃል። የመቱን ቅዳሜ ገበያ ወስዳችሁ ሰማይ ድረስ ከምሩት፤ እንደዚያ ነው። ከላዩ ደግሞ በድልድይ ላይ የከተማ ባቡር ያልፋል።

ሥላሴ ካቴድራል ስንደርስ ተሳሳትኩ። ግቢው ገና ከውጭው በር ሲጀምር ጫማዬን አወለቅሁ። እርጥቡን ድንጋይ በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ስሄድ እትዬ አልማዝ ሳቋ መጣ። «እህቴ፣ እዚህ ጫማ የሚወለቀው ሕንፃው በር ላይ ነው! ገጠር መሰለሽ?» ምሕረት መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። እትዬ አልማዝ ጫማዬን ተቀበለችኝና፣ «አንቺ ግቢ፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ። አዲስ አበባ ጫማ ከታቦት ፊት ይሰረቃል» አለች። እሷ አልገባችም። ዛሬ አይመቸኝም አለች፤ ሴት ለሴት እንዲህ ከተባባለች አይጠየቅም።

ውስጡን ልንገራችሁ። መስኮቱ በቀለም መስታወት የተሠራ ነው፤ ቅዱሳኑ በመስታወቱ ላይ ቆመዋል፣ ብርሃን ሲመጣ ይነሳሉ። በዚያ ቀን ግን ብርሃን አልነበረም፤ ዝናብ ነበር። ቅዱሳኑ ጠቁረው ነበር። የንጉሡና የእቴጌይቱ መቃብር ከድንጋይ ተጠርቦ ጎን ለጎን አለ፤ ከመቃብርነቱ ይልቅ የተዘጋ ሣጥን መሰለኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮዋ በዝናብ ስትጮህ የቄሱን ድምፅ አያሰማም። እዚህ ግን ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ ዝናብ መኖሩም አይታወቅም። ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ እንጂ። በደህና አድርሳት ልበል ወይስ አስቀራት ልበል? ምሕረት ከአጠገቤ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እሷ የምትለውን ታውቃለች። ስለዚህ እኔ አሜን ብቻ አልኩ።

ስንመለስ ጋሼ ከድር መላጊያውን ይዞ በር እየላገ ነበር። «ሥላሴን አዩ?» አለኝ።

«አየን ጋሼ፤ በጣም ትልቅ ነው።»

«ልጅዎም አብራዎት ተመለሰች?»

«አዎ፣ ይቺው።»

«ጥሩ ነው» አለና እንደገና መላጊያውን ገፋ። ጥያቄው ገረመኝ።

ሐሙስ

ጠዋት እትዬ አልማዝ፣ «ዛሬ ልጆቹ ለምርመራ ይሄዳሉ፤ ደም ምናምን ይታያል። አንቺ እዚያ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ጊዮርጊስን ላሳልምሽ፣ ከዚያ እንጦጦ እንወጣለን» አለችኝ። ምሕረትም፣ «ሂጂ እማ፤ ማታ እንገናኛለን» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። ከተኮራረፍን ወዲህ የመጀመሪያዋ ስለነበረች ልቤ ለሰለሰ። ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጅማሬው ላይ ነግሬያችኋለሁ። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ነኝ።

እትዬ አልማዝ እንዴት እንደተሳሳተች ልንገራችሁ። የአርሲ ሰው ናት፤ አዲስ አበባ ረጅም ዘመን ኖራለች። የእኔን አማርኛ ሰማች፤ የአንገቴን ማተብ አየች፤ አባቴ ከሸዋ የመጣ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ኦሮምኛ ከየት ታውቃለች አለች። እኛን አታውቀንም። መቱ ውስጥ ማር የሚሸጥልኝም የሚገዛኝም በኦሮምኛ ነው። ጎረቤቴ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ እኔም በጀመረችው እመልስላታለሁ፣ ባልጀመረችውም እመልስላታለሁ። ይህ እኛ ጋ ዕውቀት አይባልም። አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ቆማ ልጄን በሁለተኛው ቋንቋዬ ስትሸጥ መስማት ግን የዚያን ቀን አገኘኝ።

ልጩህ? ብጮህ ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ካለች ምሕረት ትሄዳለች። ፖሊስ ልፈልግ? ማን ይሰማኛል፣ ማስረጃሽ ምንድን ነው ቢለኝ ምን እላለሁ? ጫማዬን አወለቅሁና አጣምሬ እግሯ ሥር አስቀመጥኩ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በፍልሰታ ያለቀሰች ሴት አታስገርምም።

«እትዬ አልማዝ፣ ጫማዬን ጠብቂልኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ልቆይ ነው።»

«ግድ የለሽም እህቴ፤ ተረጋግተሽ ጸልይ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ገባሁ። የሴቶቹ ወገን ሞልቷል። ያን ቤተ ክርስቲያን አይቼዋለሁ ማለት አልችልም። ሥዕሎቹ ታላላቅ ናቸው፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ ብዙ በር አለው። ያየሁት በሮቹን ብቻ ነው። መጋረጃውን ነካሁና «ልጄን» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ በመቋሚያው ከለከለኝ።

«እመቤቴ፣ ይህ የወንድ ነው! ምን ነካዎት?»

«ይቅር በሉኝ አባቴ» አልኩና በእነሱ በር ወጣሁ። ጫማዬ ከእትዬ አልማዝ ጋር በሴቶቹ በር ነው። ጫማዬ እዚያ እስካለ ድረስ እኔም ውስጥ ነኝ።

ታክሲ አልያዝኩም። የታክሲ ረዳቶቹን ጥሪ አልለየውም፤ ተሳስቼ ሌላ ብሳፈር ከተማው ይውጠኛል። በእግሬ ግን ምልክቶቼን አውቃለሁ። ራሷ እትዬ አልማዝ አንድ በአንድ ጠርታ አሳይታኛለች። ጎጃም በረንዳ የት ነው እያልኩ ወረድኩ። ሰው ባዶ እግሬን ሲያይ ስለት መሰለው፤ መንገድ ይለቅልኛል። አንዲት ልብስ ቸርቻሪ፣ «እማማ፣ ለእኛም ጸልዩልን!» ብላ ጮኸችብኝ። እሺ አልኳት። ጸልዬላታለሁም።

አንዋር ጋ ስደርስ ጠርሙስ እግሬን ቆረጠኝ። ሰዎች ለስግደት ይታጠባሉ። አንድ ሽበት የሞላው ሰው ደሜን አይቶ፣ «ተቀመጪ እናቴ» አለኝና ማሰሮ ከሚመስል የፕላስቲክ ዕቃው ውሃ አፈሰሰልኝ። የራሱን መሃረብ አሰረልኝ። «የት ነው የምትሄጂው?» ሲለኝ «ልጄ ጋ» አልኩት። «አላህ ያድርስሽ» አለኝ። መስጊዱን ቀና ብዬ አየሁት። ረቡዕ ከመኪና ያየሁት ጀርባው አሁን ፊቱ ሆኗል፤ ራጉኤልም በረቡዕ መስታወት እንዳየሁት ሆኖ ቆሟል። አልጠፋሁም ማለት ነው። አውቶቡስ ተራን አለፍኩ። አጠና ተራ ስደርስ እንጨቱ ሸተተኝ። በመጨረሻ መወጣጫ የታሰረበት ሚናራ ታየኝ፤ ያኔ መሮጥ ጀመርኩ።

ጋሼ ከድር እግሬን አየ። «ጫማዎትስ?»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። መላጊያውን አስቀመጠ።

«በዚህ በር ስንት ልጅ እንደገባች አይቻለሁ» አለ። «ስትመለስ ያየሁት ግን ረቡዕ ዕለት የእርስዎን ልጅ ብቻ ነው። ለዚያ ነው የጠየቅሁዎት።» መዶሻውን አነሳ። «በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማጠፊያው ላልቷል ብል ማን ይከለክለኛል? ከኋላዬ ይግቡ።»

ግቢውን የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ በሩን ከፈተ። ጋሼ ከድር፣ «እትዬ አልማዝ ማጠፊያውን አጥብቅ ብላኛለች» አለና በሩን አጋማሽ ላይ ይዞ ቆመ። እኔ በጎኑ አለፍኩ። የኋለኛው ክፍል መቀርቀሪያ ተዘግቶ ነበር። ከውጭ ከፈትኩት።

ምሕረት ጥቁር ረጅም ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። «እማ! ምን ሆነሽ ነው? ጫማሽስ?»

«ተነሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«እማ፣ በእግዚአብሔር አታዋርጂኝ! ምርመራው ወደ ከሰዓት ተዛውሯል እኮ ነው ያሉን።»

«ስልክሽ የት አለ?»

«ቻርጅ ላይ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ?»

ዓይኗን ወደ በሩ ላከች። «ዛሬ በመኪና ነው የምትወጪው፤ በበረሃ፣ ከዚያ በባሕር» አልኳት። «እኔ ፊት በኦሮምኛ ተናገረችው። አልሰማም ብላ።» ምሕረት ወደ ሌሎቹ ልጆች ዞረች። አንዷ፣ ቀጭኗ፣ ቀና ሳትል፣ «እውነቷን ነው» አለች። «እኛ አውቀን ነው የምንሄደው። አንቺ የምታውቂ መስሎን ነበር።»

ምሕረት ተነሳች። «ኑ እናንተም» አልኳቸው። ቀጭኗ ልጅ ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ፣ ለእርስዎ ልጅዎ ናት። እኔ ብመለስ ማን በር ይከፍትልኛል?» ሁለቱ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ፤ እጃቸው ከእጄ ወጣ። ጎረምሳው ከኋላዬ፣ «ወዴት ነው?» ሲል ጋሼ ከድር መዶሻውን በማጠፊያው ላይ መታ። «ልጄ፣ በሩን አታንቀሳቅስብኝ፣ ጣትህን ትቆርጣለህ።» በዚያ መሃል ወጣን።

ጋሼ ከድር እስከ ትልቁ መንገድ ሸኘን። «ነገ አውቶቡስ ተራ እንዳትሄዱ፤ የምትጠብቃችሁ እዚያ ነው። በታክሲ ሰበታ ድረስ ውጡና የጅማን አውቶቡስ መንገድ ላይ ያዙ። ዛሬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ግቡ፤ በፍልሰታ ሰው አይጠይቅም።» ስለ ልጆቹ ስለምነው የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዤ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ አለኝ። ሄዶ ይሆናል። መኪናው ቀድሞት ከሆነ አላውቅም። የምጽፈው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ እጄን ይይዘኛል።

ከከተማው መውጫ አጠገብ ባለች አንዲት ማርያም ሱባኤ ከያዙት ሴቶች መሃል ገባን። የቤተ ክርስቲያኗን ጉልላት ቀና ብዬ አላየሁም፤ ስለዚህ አልነግራችሁም። አንዲት እናት በሶ በጥብጣ ሰጠችን፤ እግሬን አይታ የራሷን የፕላስቲክ ጫማ አወለቀችልኝ። «እኔ እስከ ኪዳነ ምሕረት ከዚህ አልወጣም፤ ምን ያደርግልኛል?» አለች።

አርብ

ሰበታ ላይ አውቶቡስ አገኘን። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ሁሉ እትዬ አልማዝ ትመስለኛለች። ወልቂጤ ላይ ለፍተሻ ሲቆም አንዲት ጥላ የያዘች ወደ መስኮታችን ስትመጣ የምሕረትን ጭንቅላት ወደ ጭኔ ደፋሁት። ሙዝ ሻጭ ናት። ምሕረት ቀና አላለችም፤ እዚያው ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሕፃን ሳለች እንኳ እንዲህ አልተኛችም። ግቤን ስንወርድ ስንወጣ እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ የልቧን ምት ስሰማ ሄድኩ።

ጅማ ያቺው አልጋ ቤት ባለቤት ስታየን፣ «የማሯ እናት! ያ ጥቁሩ ጫማሽስ?» አለችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ቁልፍ የሚይዘውን፣ የራሷን ክፍል ሰጠችን።

ቅዳሜ

በደሌ ሲቆም አልወረድኩም። ያቺ ስልኩን የሰጠችን ሴት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። እሷም ወዴት እንደላከችን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። በፊቴ ላይ ነጠላ ጣልኩና አለፍን። ይህንን ስታነብ ግን ትስማኝ።

የገባ ወንዝን ድልድይ ስንሻገር ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም እየተጣራ መሳፈር ጀመረ። ጫካው እርጥብ ነው፤ ከሁለት በኩል መንገዱን ይዞታል፣ ሰማይም አይታይም። ከሁለት ቀን ወዲህ ያን ጊዜ ነው በሙሉ ትንፋሽ የተነፈስኩት። ምሕረትም ያን ጊዜ ነው አፏን የከፈተችው።

«እማ።»

«ወይ ልጄ።»

«ጫማሽ ግን እዚያው ነው?»

«እዚያው ነው።»

«አሁንም እየጠበቀችው ይሆን?»

ሳቅን። ተያይዘን ሳቅን፤ ረዳቱ ዞሮ አየን። የምሕረት ሳቅ ሳይቆም ወደ ለቅሶ ዞረ፤ «ያቺ ቀጭኗ፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም» አለች። እኔም አልጠየቅኋትም። ከእናንተ መሃል ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ስልኳ የማይመልስ ቀጭን ልጅ ያለቻት እናት ካለች፣ መቱ ገበያ ማር ተራ ትምጣ፤ ፊቷን እነግራታለሁ።

መቱ ስንገባ ይዘንባል። የሚቀበለን አልነበረም፤ መሄዳችንን እንጂ መመለሳችንን የሚያውቅ የለም። ቤቴን ከፈትኩ፤ ምሕረት ቀድማ ገባች። እኔ ተከትዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። መቀርቀሪያው ከውስጥ በኩል ነው፤ በእጄ ደጋግሜ ነካሁት።

ልጄ ቤቷ ናት። ደርሰናል። ደህና ነን።